የመኪና ሶኬትና ቴፕ ሲጠፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት፣ ቴፑና ከእነርሱ መስመር የተቀጠሉ ዕቃዎች ሲበላሹ መኪናው መሄዱን ስለማያቆም ባለቤቱ ቸል ይላል፤ ወደ ጋራዥ ሲወስደውም ብዙ ጊዜ ሳይለካ ዕቃ ይቀየርለታል። በደሴና በኮምቦልቻ ሾፌሮች ዘንድ ስለዚህ መስመር ከሚባሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እሳት ያስነሳሉ።

«ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ጠንከር ያለ መሰካት ነው»

ፊውዝ የሚጠብቀው ሶኬቱን ወይም ቻርጀሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። አምራቹ ባለ 15 አምፔር ሰማያዊ ፊውዝ በመደበለት መስመር ላይ ባለ 30 አምፔር አረንጓዴ ከተሰካበት፣ ወይም ከሲጋራ ፓኬት የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ከተጠቀለለበት፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ የተደበቀው ሽቦ ይሆናል። 15 አምፔር በ12 ቮልት 180 ዋት ማለት ነው፤ ስለዚህ 300 ዋት የሚያወጣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ከዚህ ሶኬት ላይ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ መጠበቅ ከመጀመሪያውም የሂሳብ ስህተት ነው።

ምንም ነገር ሳይሰካ ፊውዙ የሚቃጠል ከሆነ መስመሩ ውስጥ ሾርት፣ ማለትም የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ በቀጥታ መነካካት አለ። በሚኒባስ ታክሲዎች ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ሶኬቱን በባትሪ መብራት አጮልቆ ማየት ይገባል፤ የሶኬቱ መሃል ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ደግሞ ማሳ (ከመኪናው ቦዲ ጋር የተያያዘው ኔጌቲቭ) በመሆኑ ከረዳቱ እጅ ያመለጠች ሳንቲም ሁለቱን ልታገናኝ ትችላለች። ሳንቲሟን በካቻቢቴ ከመቆፈር በፊት ፊውዙን መንቀል ግዴታ ነው። ሳንቲም ከሌለ ፊውዝ በፊውዝ ላይ እያቃጠሉ ከመፈለግ ይልቅ በፊውዙ ቦታ የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ መቀጠል ይሻላል። ሾርቱ እስካለ ድረስ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ በመስመሩ ላይ ያሉትን የሽቦ መገናኛዎች አንድ በአንድ እየነቀሉና ሽቦውን እያንቀሳቀሱ ሲሄዱ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ጥፋተኛውን ያሳያል።

«ፊውዙን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው»

ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ፊውዝ ስላለ ማየት አይበቃም። በፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ቁልፉ በተከፈተበት ሁኔታ አንድ ጫፉ ማሳ ላይ በታሰረ የመፈተሻ አምፖል መንካት ነው፤ በሁለቱም ላይ ከበራ ፊውዙ ይሠራል፣ በአንዱ ብቻ ከበራ ተበጥሷል፣ በሁለቱም ካልበራ ደግሞ ችግሩ ከፊውዙ በፊት ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ የፊውዝ ክዳኑ ጽሑፍ በጃፓንኛ ስለሚሆን የሚመረመረው ትክክለኛው ፊውዝ መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«ቴስተሩ 12 ቮልት ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው»

ሙያተኛውንም ጭምር የሚያሳስተው ይህ ነው። ዲጂታል ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ፣ ዝጎ ወይም ላልቶ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ መገናኛ እንኳ 12.6 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። መገናኛው ላይ 0.3 ኦም ብቻ ተጨማሪ ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚያግድ እንቅፋት) አለ እንበል። 1 አምፔር የሚወስድ የስልክ ቻርጀር ሲሰካ የሚጠፋው 0.3 ቮልት በመሆኑ ስልኩ ያለ ችግር ይሞላል። በዚያው ሶኬት 10 አምፔር የሚስብ የጎማ መንፊያ ሲሰካ ግን 3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ መንፊያው ይንቀራፈፋል፣ መገናኛውም ላይ 30 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። የሶኬቱን ጀርባ ፕላስቲክ የሚያቀልጠው ይህ ሙቀት ነው። ባለቤቱ ግን «ቻርጀሩ ይሠራል፤ የተበላሸው መንፊያው ነው» ብሎ አዲስ መንፊያ ይገዛል።

ትክክለኛው ልኬት የሚወሰደው መንፊያው ተሰክቶ እየሠራ ሳለ ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከሶኬቱ ጀርባ በሚገባው የፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ሲደረግ የሚነበበው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ያመለክታል፤ ቀጥሎ በባትሪው ኔጌቲቭና በሶኬቱ ማሳ መካከል እንዲሁ ይለካል። በእያንዳንዱ ወገን ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ መገናኛዎቹን ተከትሎ መሄድ ነው። እኔ ከማሳው መጀመርን እመርጣለሁ፤ የማሳው ሽቦ ከቦዲው ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ የክረምት ውሃና ዝገት፣ አንዳንዴም በላዩ የተረጨ ቀለም ስለሚያገኘው ብሎኑን ፈቶ ብረቱን መፋቅ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በነገራችን ላይ ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ስለሆኑ በመፈተሻ አምፖል መነካት የለባቸውም።

«ቴፑም ሶኬቱም ጠፍተዋል፤ ሁለቱም ተቃጥለዋል»

ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ መጠርጠር ያለበት የጋራ ምንጫቸው ነው። ቁልፉ ሞተር ሳይነሳ በሚቆምበት የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ቴፑ፣ ሶኬቱ፣ በብዙ መኪኖች ላይም የስፖኪዮው ማስተካከያ ኃይል ያገኛሉ። ሦስቱም ከጠፉ የጋራ ፊውዛቸው፣ ሪሌያቸው (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ወይም የቁልፉ ኮንታክት ይመረመራል፤ ቁልፉ ወዘወዝ ሲደረግ ብልጭ ድርግም ካሉ ኮንታክቱ ተበልቷል።

«ባትሪውን በአንድ ሌሊት የሚገድለው የደሴ ብርድ ነው»

ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የማለዳው ቅዝቃዜ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ ያው መኪና ወርዶ በኮምቦልቻ ሙቀት ሲነሳ የሚቀለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ብርድ ጤነኛ ባትሪን በአንድ ሌሊት ባዶ አያደርግም። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ከማይጠፋ መስመር ላይ የተቀጠለ የጂፒኤስ መከታተያ፣ አምፕሊፋየር ወይም ቁልፍ ሲዘጋም ኃይል ያለው ሶኬት ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፈትቶ ቴስተሩን በ10 አምፔር ማስገቢያው በሽቦውና በባትሪው ጫፍ መካከል ማስገባት፣ በሮቹን ዘግቶ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም ቁጥሩ የሚወርድበት መስመር እስኪገኝ ፊውዞችን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ለአብዛኞቹ መኪኖች ጤነኛ ነው፤ ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም ከባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሩብ ያህሉን ይጨርሳል። በዚህ ልኬት ወቅት ሞተር ለማስነሳት መሞከር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል።

«በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ከአንዱ ባትሪ 12 መውሰድ ይበቃል»

በኮምቦልቻ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ስለሚይዙ ይህ ዘዴ ተወዳጅ ነው፤ ቴፑም ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች እንደ አንድ ስለሚሞላቸው ቴፑ የሚጠባው ባትሪ ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ሲቀር፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላና ውሃው ይተናል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ፤ አንዱን ብቻ በአዲስ መተካትም አለመመጣጠኑን ያብሳል። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ዕቃ ከሁለቱ ባትሪዎች ጠቅላላ ጫፎች ላይ መግጠም፣ በፖዘቲቩ ሽቦ መነሻ ላይም ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማኖር ይገባል፤ ፊውዙ ከመቀነሻው አጠገብ ከሆነ በመካከል ያለው ሽቦ ከሻንሲው ጋር ቢፋተግ የሚያቆመው የለም።