«ያገር ቤት ዲግሪ እዚህ ወረቀት ነው» ለምትሉ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ክርስትና ቤት ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ሥራዬን ጠየቀኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ አልኩት። «ታድለሽ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤትሽ ነሽ፣ ሰመሩን ደግሞ ሦስት ወር ተኝተሽ ደሞዝ ይገባልሻል» አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ይቺን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እንጀራዬን ጠቅልዬ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ኮንትራታችን የአሥር ወር ነው። ተማሪው በዓመት 180 ቀን ግድም ይማራል፣ እኛ ጥቂት ቀን እንጨምርበታለን፣ የሚከፈለንም ለዚያው ነው። ሰመር ላይ፣ ማለትም ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት፣ ገንዘብ የሚገባልን ከየደሞዛችን እየተቆረጠ ስለሚቀመጥልን ነው። ዕቁብ ሲደርሳችሁ «ስጦታ ተሰጠኝ» ትላላችሁ? ዘጠኝ ሰዓቱም ቢሆን ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ነው፣ የእኔ እርማት ቤት ድረስ ይከተለኛል። እርሳሱና ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ከኪሳችን ነው። ይህ በጣም የተለመደ ስለሆነ የፌዴራል የታክስ ሕጉ ራሱ አስተማሪ ለክፍሉ ካወጣው የተወሰነውን ከገቢው እንዲቀንስ ይፈቅዳል።

ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም። ሰውዬው ቀጠለና «እኔም እኮ አገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ምን ዋጋ አለው፣ ያገር ቤት ዲግሪ እዚህ ወረቀት ነው» አለ። ማን ነገረህ? «ሁሉም ሰው።» ትምህርት ቢሮ ጠይቀህ ታውቃለህ? አያውቅም። አሜሪካ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ይሄ «ሁሉም ሰው» የሚባለው ስንቱን እንዳስቀረ ብታዩ! የማውቀው ሰው አለ፣ ደሴ ኬሚስትሪ ያስተማረ፣ እዚህ ስምንት ዓመት ታክሲ ነዳ። አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የልጁን የቤት ሥራ በስልክ ያስረዳል። እንደ እሱ ታክሲ የሚነዱት ጓደኞቹ ወረቀቱ አይሠራም ብለውት እሱም አምኖ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሚስቱ ናት ትምህርት ቢሮ ይዛው የሄደችው። ዛሬ ኬሚስትሪ እያስተማረ ነው። ሞኝ ስለነበር አይደለም፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ስላላወቀ ነው።

ዲግሪው ወረቀት ቢሆን ኖሮ እዚሁ ሜሪላንድ ያሉት ባልቲሞርና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ አውራጃ ነው) ከ2005 በኋላ ባሉት ዓመታት በመቶ የሚቆጠሩ አስተማሪዎች ከፊሊፒንስ ባላስመጡ ነበር። እነዚያ ሰዎች የተማሩት አገራቸው ነው እንጂ ሃርቫርድ አይደለም። አሜሪካ አስተማሪ ይጎድላታል፤ በተለይ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርትና እንግሊዝኛን ለአዲስ ገቢ ልጆች የሚያስተምር።

እሺ፣ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የምትኖሩበት ስቴት ትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ ግቡ። የመላው አሜሪካ የማስተማር ፈቃድ (ላይሰንስ) የሚባል ነገር የለም፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ይሰጣል። ከዚያ ትራንስክሪፕታችሁን (የወሰዳችሁት ኮርስና ውጤት የተዘረዘረበትን) ስቴቱ ለሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ትሰጣላችሁ፣ ግምገማውም እያንዳንዱን ኮርስ የሚዘረዝረው ይሁን። ርካሹን፣ «ዲግሪ አለው» ብቻ ብሎ የሚያልፈውን አሠርቶ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ (እኔ ነኝ)። ብዙውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይላክ ይላሉ። የእኔን ሬጅስትራር ቢሮው «ነገ» እያለ ሰባት ወር አቆየው፣ የወጣልኝ የአክስቴ ልጅ እየተመላለሰ በራቸው ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ አገር ቤት ሰው ይኑራችሁ። ገና ያልመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህንን ጨርሳችሁ ኑ።

ቀጥሎ ፈተናው አለ። በብዙ ስቴት ፕራክሲስ ይባላል፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉት የራሳቸው አላቸው። ፊዚክስ ያስተማረ ሰው የፊዚክሱን ፈተና አይፈራም፣ ይልቅ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚጠየቀውን ያጥና። ኮርስ ከጎደላችሁ እያስተማራችሁ ላይሰንሱን የምትጨርሱበት አማራጭ መንገድም አለ። በቲቲአይ ሰርተፊኬት ወይም በዲፕሎማ ያስተማራችሁ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ መደበኛው የአስተማሪ ላይሰንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ አቋራጭ አትፈልጉ። ይልቅ በረዳት አስተማሪነት ጀምሩ። በፌዴራል ሕግ የደሃ ልጆች ድጎማ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ረዳት ለመሆን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ወይም ፈተና ማለፍ ይበቃል። ሰብስቲቱት፣ ማለትም የቀረ አስተማሪ ተኪ፣ ሆናችሁም መግባት ትችላላችሁ። እኔ የጀመርኩት እንደዚያ ነው፤ ሁለት ዓመት የሰው ክፍል ጠበቅሁ፣ የልጆቹን ጠባይ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

«በዚህ አክሰንት ማን ያዳምጠኛል?» የምትሉም አላችሁ። ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 280 የሚሆኑ አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ሲልክ አብዛኞቹ አስተማሪ ነበሩ። አባቴን እንግሊዝኛ ያስተማረው ከእነሱ አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሰውዬው ምን እንደሚል አንድም ልጅ አልገባውም ነበር ይላል አባዬ። ለመዱት። የእኔም ተማሪዎች ለመዱኝ። በመጀመሪያው ዓመት የአባቴን ስም መጥራት አቅቷቸው ምላሳቸው ሲታሰር እያየሁ ስለ አክሰንቴ ማፈሬን ተውኩት። ደግሞ የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛም የሚያዘጋጀው ለጌጥ አይደለም። የእኛ ልጆች እዚያ አሉ፣ ወላጆቻቸውም ስብሰባ ላይ አፋቸውን የሚፈታላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ስለ አስተማሪነት የሚወሩትን የቀሩትን በአጭሩ።

«ደሞዝ የሚከፍለው ዋሽንግተን ነው።» የፌዴራሉ ድርሻ ከትምህርት ቤቶች ገንዘብ ወደ አንድ አሥረኛ ግድም ነው። የቀረው ከስቴቱና ከአካባቢው፣ በተለይ ከቤት ግብር ይመጣል። ለዚህ ነው ካውንቲ ሲቀየር ደሞዝ የሚቀየረው።

«አስተማሪ ድሃ ነው።» የት? ሜሪላንድ ከጁላይ 2026 ጀምሮ የጀማሪ ደሞዝ ከ60 ሺህ ዶላር እንዳያንስ በሕግ ወስኗል። ከዚያ በታች በብዙ የሚጀምሩ ስቴቶችም አሉ። የካውንቲው የደሞዝ ሠንጠረዥ በይፋ የተለጠፈ ነው፣ ከሐሜት እሱን አንብቡ።

«አንዴ ከገቡ አያባርሩም።» በብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ግድም ሙከራ ናቸው። ከዚያ በኋላም ምክንያትና ሥርዓት ይጠየቃል እንጂ አይነኬ አትሆኑም።

«አምስት ሳምንት ሠልጥኖ ማንም ያስተምራል።» ይህ የመጣው ቲች ፎር አሜሪካ ከሚባለው ፕሮግራም ነው፤ በ1990 ሲጀምር ምሩቃንን በአንድ ሰመር አሠልጥኖ ክፍል ያስገባ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ላይሰንስ ይጠየቃሉ። በመደበኛው መንገድ አስተማሪ ለመሆን የሚማር ግን አንድ ሴሚስተር ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ በነባር አስተማሪ ሥር ይለማመዳል።

የክርስትናው ሰውዬ ስንለያይ ስልክ ቁጥሬን ወሰደ። ትራንስክሪፕትህ የት ነው አልኩት። «ዲግሪው በፍሬም ሳሎን ተሰቅሏል» አለኝ በኩራት። ዲግሪውን አይደለም የጠየቅሁህ አልኩት። እስካሁን አልደወለም።