አንቲባዮቲክ፦ ዋና ዋና ዓይነቶቹና አወሳሰዱ

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ትኩሳት ማብረጃም ሆነ ሕመም ማስታገሻ አይደለም። የወሰደው ሰው ትኩሳት የሚበርደው ትኩሳቱን ያመጣው ባክቴሪያ ሲሸነፍ ነው፤ ያመጣው ቫይረስ ከሆነ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምና አብዛኛው የብሮንካይትስ ሳል የቫይረስ ሥራ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው እንክብሉን ጀምሮ ከቀናት በኋላ ሲሻለው መድኃኒቱን ያመሰግናል፤ ጉንፋኑ ግን ያለ እንክብሉም ይለቀው ነበር። በእኔ እምነት አንቲባዮቲክ አላግባብ እንዲወሰድ ይህን ያህል የገፋ ሌላ ማሳሳቻ የለም።

ቫይረስን የማይነካበት ምክንያት ዒላማው ነው። ባክቴሪያ የሰው ሕዋስ የሌለው ግድግዳ አለው። ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም ከእኛው ይለያል፤ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚንም እኛ ከምግብ ስናገኘው አብዛኛው ባክቴሪያ ራሱ ይሠራዋል። መድኃኒቶቹ የተነጣጠሩት በእነዚህ ልዩነቶች ላይ ነው። ቫይረስ ደግሞ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም።

ግድግዳውን የሚያፈርሱት ቤታ ላክታሞች ይባላሉ፤ በኩራቸው ፔኒሲሊን ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ፣ ሻጋታ በወረረው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ አገኘው። ወደ መድኃኒትነት ያደረሱት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ኦክስፎርድ የነበሩት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1941 ያከሙት ሰው አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ ነበር። መርፌው እንደተጀመረለት ትኩሳቱ ወረደ፣ የምግብ ፍላጎቱም ተመለሰ። ከዚያ ፔኒሲሊኑ አለቀ። ከሽንቱ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም አልበቃም፤ ሕመሙ አገርሽቶ ገደለው። ሳያልቅ የተቋረጠ ሕክምና ምን እንደሚያመጣ ገና ከጅምሩ የታየው ያኔ ነው።

አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊን የፔኒሲሊን ልጆች ናቸው። አንዳንድ ባክቴሪያ ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም እያመነጨ ስለሚሰባብራቸው፣ አሞክሲሲሊን ኢንዛይሙን ከሚያስረው ክላቩላኒክ አሲድ ጋር ተቀይጦ ኦግመንቲን በሚል ስም ይሸጣል። ሴፋሌክሲንና በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሰን የቅርብ ዘመዶች፣ ሴፋሎስፖሪኖች ናቸው። ሜሮፔነምን የመሰሉት ካርባፔኔሞች ደግሞ ለከባድ የሆስፒታል ኢንፌክሽን የሚቆዩ ናቸው።

ስለ ፔኒሲሊን አለርጂ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አለርጂው እውነተኛ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ፊትና ጉሮሮ ሊያሳብጥ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ ሊገድልም ይችላል። ነገር ግን አለብኝ ከሚሉት ሰዎች የሚበዙት ሲመረመሩ ነፃ ሆነው ይገኛሉ። አንዱ ምክንያት በቫይረስ የታመመ ሕፃን አሞክሲሲሊን እየወሰደ ሽፍታ ሲወጣበት ጥፋቱ ወደ መድኃኒቱ መዞሩ ነው። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ የተሻለው መድኃኒት ይከለከላል። ስለዚህ ለሐኪሙ "አለርጂ አለብኝ" ብቻ ብሎ ከማለፍ ምን እንደታየ፣ መቼና ከስንተኛው ፍሬ በኋላ እንደሆነ መንገር ይጠቅማል።

ራይቦዞሙን የሚመቱት ብዙ ናቸው። ከቴትራሳይክሊኖች በሰፊው የሚታወቀው ዶክሲሳይክሊን ነው። በመኝታ ሰዓት በጉንጭ ውሃ ተውጦ ወዲያው የሚተኙበት መድኃኒት አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህልም ቀና ብሎ መቆየት ነው፤ በሚወስዱበት ጊዜ ፀሐይም ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል። እርጉዞች አይወስዱትም። አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ማክሮላይዶች ናቸው፤ የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ይናገር። ጄንታሚሲን በመርፌ ይሰጣል፣ ኃይለኛ ነው፣ ግን ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ክትትል አይሰጥም።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አሠራር ያውካሉ። ለቀላል ሕመም ሁሉ መታዘዛቸው የሚያሳስበው ጅማት ሊያሳብጡ፣ አንዳንዴም ሊበጥሱ ስለሚችሉ ነው፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ይብሳል። እነርሱም ሆኑ ቴትራሳይክሊኖች ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ጋር ከተወሰዱ ይጣበቁና በቂው መጠን ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል፤ በሰዓታት መራራቅ አለባቸው። ሜትሮኒዳዞል አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንና እንደ አሜባና ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ከአልኮል ጋርም አይመከርም። ኮትሪሞክሳዞል የፎሌቱን ምርት ያቆማል። ናይትሮፉራንቶይን ደግሞ ሽንት ውስጥ ስለሚጠራቀም ለፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ከደረሰ ግን አይበቃም። አንዱ አንቲባዮቲክ የሌላውን ቦታ እንደማይሸፍን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይከፍላል፦ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚቆጠቡ። አሞክሲሲሊን ከመጀመሪያው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ከሁለተኛው ናቸው። "ጠንከር ያለውን ስጠኝ" የሚል ታካሚ የሚጠይቀው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚጠርገውን ነው፤ ያ መድኃኒት ግን ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጠርጋል። ጉዳት ያደረሰውን ባክቴሪያ ብቻ የሚመታ ጠባብ መድኃኒት ካለ እሱ ይመረጣል፤ ለዚህም ነው ከተቻለ ሽንት፣ ደም ወይም መግል ተወስዶ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ የሚደረገው።

"ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" ሲባል ይሰማል። የሚለምደው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። መድኃኒት በተወሰደ ቁጥር ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ይራባሉ፣ የመትረፊያ ዘረ መላቸውንም ለጎረቤት ባክቴሪያ ያጋራሉ። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሰው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ መጠኑ ያነሰ ፔኒሲሊን ተሕዋስያንን እንደሚያላምድ አስጠንቅቆ ነበር።

ወደ አወሳሰዱ እንምጣ። በቀን ሦስት ጊዜ የተባለ አሞክሲሲሊን በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ብቻ ከተወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። አዚትሮማይሲን ሕዋስ ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በቀን አንዴ ይበቃዋል። የተረሳ መጠን እንደታወሰ ይወሰዳል፤ የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ይታለፋል እንጂ ሁለቱ አይደረቡም።

"ሳይጨርሱ ማቆም ክልክል ነው" የሚለው ምክር ግን ዛሬ እንደ ድሮው ደረቅ አይደለም። ቲቢ በተለመደው ሕክምናው 6 ወር ይወስዳል፤ ያንን ማሳጠር አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ቀላል የሳንባ ምች እየተሻለ ከሄደ ብዙ ጊዜ 5 ቀን እንደሚበቃ ታውቋል፤ ያለ ምክንያት ማራዘምም በራሱ ባክቴሪያን ያለማምዳል። ቀኑን የሚያሳጥረው ግን ሐኪሙ ነው።

የተረፈ እንክብል ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም፣ ለቤተሰብም አይሰጥም። በውሃ የሚበጠበጠው የልጆች ሽሮፕ ሁልጊዜ ተነቅንቆ፣ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮ በመጣው መለኪያ ይሰጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ገደማ ነው። ቀላል ተቅማጥ የተለመደ ነው። ብዙ ውሃ የሚመስል ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ግን መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ቢመጣ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ አንጀቱን ወርሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ማስቆሚያ ከመግዛት በፊት ወደ ሐኪም መሄድና አንቲባዮቲክ መወሰዱን መናገር ያስፈልጋል።