ኩፍኝ ሁለት ጊዜ የሚከተበው ለምንድን ነው?

በጎንደር ከማራኪም ከአዘዞም ያሉ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ነው፦ «ልጄ በ9 ወሩ ተከትቧል፤ በ15 ወሩ ድጋሚ አምጪው የሚሉኝ የመጀመሪያው ኃይሉ አልቆ ነው?»

አላለቀም። ክትባቱ የተዳከመ የኩፍኝ ቫይረስ ነው። የሕፃኑ ሰውነት ቫይረሱን ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፣ መልኩን የሚያስታውሱ ነጭ የደም ሴሎችም ያስቀራል። ሰውነቱ ክትባቱን በዚህ መልክ የተቀበለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለዘለቄታው ይጠበቃል።

ችግሩ በ9 ወር ሁሉም አለመቀበሉ ነው። ሁለት የጎረቤት ልጆች በአንድ ቀን ተከተቡ እንበል። በአንደኛው ደም ውስጥ በእርግዝና ጊዜ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ገና ካለ፣ ክትባቱን ሥራውን ሳይጀምር ያከሽፈዋል። ካርዳቸው ላይ ግን ሁለቱም «ተከትቧል» ነው! በዚህ ዕድሜ የሚቀበሉት ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉ ናቸው። ያልተቀበሉት በዓይን ስለማይለዩ ለሁሉም ይደገማል፤ የተቀበለውንም አይጎዳውም።

ታዲያ የመጀመሪያውን ለመከተብ እስከ 15 ወር የማይቆየውስ ለምንድን ነው? ኩፍኝ ራሱ ልጁ 15 ወር እስኪሞላው ስለማይቆይ።

ከክትባቱ በኋላ ከልጅ ልጅ የሚለያየው ትኩሳቱ ነው። አንዳንዱን ከሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል፣ ቀለል ያለ ሽፍታም ሊወጣበት ይችላል፤ ሌላው ምንም አይታይበትም። አለማተኮሱ ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም።