ኖራ የአፈር ሁሉ መድኃኒት አይደለም

"መሬቴ ተበላሽቷል፤ ስንት ኩንታል ኖራ ልበትን?" እኛ የአፈር ምርመራ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ሳንሰማ አንውልም። አፈሩ ሳይታይ መድኃኒቱ ታዟል!

ኖራ የሚጠቅመው አሲዳማ አፈርን ነው፤ ጎጃምና ወለጋ ውስጥ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ እንደወሰደበት ዓይነት። አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ ግን ጣጣው ሌላ ነው። እዚያ በመስኖ ብዛት ጨው የወጣባቸው፣ ሶዲየም የያዛቸው ማሳዎች አሉ። ሶዲየም ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ቅንጣቱን ይበታትናል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል። ሲደርቅ ይደነድንና የስንዴው ቡቃያ ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል።

ሶዲየሙን የሚያስለቅቀው ካልሲየም ነው። "ታዲያ ኖራም ካልሲየም አይደል?" ይሉኛል። ነው፤ ግን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከ8.5 በላይ በሆነ አፈር ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ካልሟሟ ደግሞ ጠጠር ነው። ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድን ግን በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም በላይ ይሟሟል።

አንድ የቆላ ገበሬ ደጋ ካለ ዘመዱ ሰምቶ ኖራ በአይሱዙ አስጭኖ በተነ። ምንም ጠብ አላለለትም። ኖራው ካልነካው ጥግ አፈር አስመጣንና አሲድ ጠብ ስናደርግበት ቡልቅ ቡልቅ አለ። አፈሩ ድሮውንም ኖራ ሞልቶታል! እንዲህ ላለው አፈር ድኝም ይሆናል። ተዋህስያን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራ ያሟሟዋል።

ከገበሬዎች ሌላም ሌላም እሰማለሁ። "ውሃ ደጋግሜ ባጠጣው ይታጠባል።" ተራ ጨው ይታጠባል። ሶዲየም ያለ ካልሲየም አይለቅም፤ ጨው ብቻ ሲታጠብ እንዲያውም አፈሩ ይብስበታል።

"ነጭ ካየሁ ሶዲየም ነው።" ነጩ ብዙ ጊዜ ተራ ጨው ነው። ሶዲየም የበዛበት አፈር አንዳንዴ ላዩ ይጠቁራል።

"ዩሪያ ብጨምርበት ያገግማል።" እዚህ አፈር ላይ ሳይቀበር የተበተነ ዩሪያ ብዙው በአየር ይበናል።

"ጂፕሰም ከበተንኩ አበቃ።" አላበቃም። የተፈናቀለው ሶዲየም ከሥሩ በታች ታጥቦ መውጣት አለበት። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ መጀመሪያ ማፋሰሻ ቦይ ቆፍሩ።

የጣት ጫፍ የምታክል ደረቅ ጓል በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ አትንኩት። ዙሪያዋ እንደ ወተት ከደፈረሰ ሶዲየም ጠርጥሩና ወደ ላብራቶሪ ውሰዱት። የጂፕሰሙ መጠን የሚወጣው ከውጤቱ ነው፤ ከጎረቤት አትገልብጡ። በመጀመሪያው ዓመት ገብስ ዝሩ፣ ከስንዴ ይልቅ ሶዲየምን ይችላል።