ባህላዊ የፊሊፒንስ ስለትን በዘመናዊ መልክ በትዕዛዝ ማሠራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አርኒስ፣ አንዳንዱም ኤስክሪማ ወይም ካሊ የሚለው በዱላና በስለት የሚደረግ የውጊያ ጥበብ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9850 የፊሊፒንስ ብሔራዊ ስፖርት ተብሏል። ሥልጠናው በአብዛኛው በዱላ ይጀመራል። ሠልጣኙ ሲገፋበት ግን ዱላው የሚወክለውን ብረት መፈለጉ አይቀርም። የፋብሪካ ገጀራ አያረካውም፤ የጥንት ቅርስ ደግሞ ውድ ነው፣ ቢገኝም እየቆረጡ የሚለማመዱበት አይደለም። ስለዚህ የጥንቱን ቅርጽ የጠበቀ፣ በዛሬ ብረት የተቀጠቀጠ፣ በእጁ ልክ የተሠራ ስለት ያዛል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው ከመልክ ውጪ ምን ማዘዝ እንዳለበት ስለማያውቅ።

«የፊሊፒንስ ሰይፍ ማለት ያ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ነው»

የሚጠማዘዘው ክሪስ ነው፤ የደቡቡ ሕዝብ የሞሮዎች ሰይፍ። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠማዘዝም። ብዙዎቹ ክሪሶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከሥር ተጠማዘው ወደ ጫፍ ቀጥ የሚሉም አሉ። ከዚህ ሌላ የሱሉዎቹ ታውሱጎች ቅጠል የሚመስል፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚቆርጥ፣ ጀርባው ወፍራም የሆነ ባሮንግ አላቸው። የባሲላን ያካኖች ፒራ አላቸው። ማራናዎችና ማጊንዳናዎች ወደ 1 ሜትር የሚደርስ፣ ከእጀታው ጀምሮ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ካምፒላን ይይዛሉ። በቪሳያስ ደሴቶች ታሊቦንግ፣ ፒኑቲና ጊኑንቲንግ፣ በሉዞን ኢታክ፣ በባታንጋስ ደግሞ ታጣፊው ባሊሶንግ አሉ።

ይህ ለትዕዛዙ ለምን ያስፈልጋል? «አንድ ቦሎ ሥራልኝ» የተባለ ባለሙያ ያሰኘውን ሊሠራ ይችላል፤ ቦሎ ከእርሻ መሣሪያ እስከ ጦር መሣሪያ ያለውን ሁሉ የሚጠቀልል ስም ነውና። የስለቱን ስም፣ አካባቢውን፣ የስለቱን ርዝመት ከእጀታው አፍ እስከ ጫፍ በሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው ቦታ ላይ ያለውን ስፋት፣ የጀርባውን ውፍረት በሦስት ቦታ (እጀታው አጠገብ፣ መሐል፣ ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር መለስ ብሎ) ጽፈው ይላኩ። ፎቶ ከዚህ በኋላ ይጨመራል እንጂ ይህን አይተካም።

በነገራችን ላይ፣ ሻጮች ካምፒላንን ሲያስተዋውቁ መርከበኛው ማጄላን የተገደለበት ሰይፍ ነው ማለት ይወዳሉ። ማጄላን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1521 ማክታን ላይ ሲሞት በስፍራው የነበረው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ፒጋፌታ እግሩን ስለቆረጠ ትልቅ ጠማማ ስለት ጽፏል፤ ካምፒላን ነው ግን አላለም። ለዚህ ታሪክ ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልም።

«ወፍራምና ከባድ ከሆነ ጠንካራ ነው»

በትዕዛዝ ሥራ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አስተሳሰብ ይህ ነው። የጥንቱ ቀጥቃጭ ብረቱን ከእጀታው ወደ ጫፉ እያሳሳ ይቀጠቅጠዋል። ዛሬ ብዙዎች ከአንድ ዓይነት ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ቅርጹን ቆርጠው ጠርዙን ብቻ ይሞርዱታል። ከሩቅ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ በእጅ ሲያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 4.5፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 0.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 121.5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአረብ ብረት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ስለሚመዝን፣ ጠርዙ ከመሞረዱ በፊት ወደ 954 ግራም ማለት ነው። ያው ብረት እጀታው አጠገብ 6፣ ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ቢሳሳ አማካይ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ወደ 715 ግራም ይወርዳል። የቀነሰው 240 ግራም ገደማ ደግሞ አብዛኛው ከጫፉ በኩል ነው፤ አንጓን የሚያደክመውና ስለቱን በመንገዱ መሐል ለማቆም የሚያስቸግረው ያ ክብደት ነው። ስለዚህ ባለሙያውን «ወደ ጫፉ ይሳሳል? ከስንት ወደ ስንት?» ብለው ይጠይቁት። በቁጥር ካልመለሰ አያሳሳውም ማለት ነው።

ሚዛኑንም አብረው ይወስኑ። ስለቱን በጠፍጣፋ ጎኑ ጣትዎ ላይ አጋድመው ሳይወድቅ የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልጉ። ነጥቡ ወደ እጀታው ሲቀርብ ስለቱ ቶሎ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ወደ ጫፉ ሲርቅ አቆራረጡ ይከብዳል። ባሮንግ በተፈጥሮው ወደፊት ያዘነብላል፤ ያንን «ለማስተካከል» እጀታው ላይ እርሳስ የሚጨምር ሰው ባሮንግነቱን አጥፍቶታል።

«የመኪና ባሌስትራ ቁርጥራጭ ነው፣ የማይረባ ብረት ነው»

የፊሊፒንስ ቀጥቃጭ፣ ፓንዳይ ይባላል፣ ብረቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጭነት መኪናና ከጂፕኒ (የአገሩ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና) ባሌስትራ ነው። የእኛም አገር ቀጥቃጭ ባሌስትራን ያውቀዋል። ባሌስትራ ደግሞ ክፉ ብረት አይደለም፦ ብዙ ጊዜ 5160 የሚባለው ወይም ለዚያ የቀረበ የስፕሪንግ ብረት ነው። 5160 በግምት 0.6 በመቶ ካርቦንና 0.8 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ለረጅም ስለት ከሚመረጡት አንዱም ነው፣ ተመትቶ ተጣጥፎ ሳይሰበር ወደ ቦታው ይመለሳልና።

ችግሩ ሌላ ነው። ያረጀ ባሌስትራ ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ስለኖረ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ስንጥቁም ስለቱ ዘይት ውስጥ ሲነከር ወይም ከወራት በኋላ ሲቆርጡበት ይገለጣል። የሁሉም መኪና ባሌስትራም አንድ ዓይነት ብረት አይደለም፤ ቀጥቃጩ ምን እንደያዘ ካላወቀ በስንት ሙቀት መሥራት እንዳለበትም በግምት ይሄዳል። ከባህል ሳይርቁ ይህን ማስቀረት ቀላል ነው፦ አዲስ የ5160 ወይም የ80 ሲ.አር.ቪ.2 ጠፍጣፋ ብረት ይጠይቁ። የብረቱ ዋጋ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ነው።

«ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል፣ የማይዝግ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል»

ለኪስ ቢላዋ እውነት ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሜትር ለሚጠጋ፣ እንጨትና አጥንት ለሚመታ ስለት ግን በጣም የጠነከረ ብረት ይሰነጠቃል። ዲ2 የሚባለው ወደ 12 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ረጅም ሰይፍ ሆኖ በጎኑ ሲመታ ግን ሊሰበር ይችላል። ብዙው የማይዝግ ብረትም በዚህ ርዝመት ተመሳሳይ ጣጣ አለው።

5160 ወደ 830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ሁለት ጊዜ በ200 ዲግሪና ከዚያ ከፍ ባለ ሙቀት እንዲለዝብ ይደረጋል። ለእንዲህ ያለ ስለት በሮክዌል ሲ የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ54 እስከ 57 ያለው ልክ ተስማሚ ነው። መለኪያው የሌለው ባለሙያ ቢሆንም የሚያሳየው ፈተና አለ፦ ጠርዙን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የነሐስ ዘንግ ላይ ጋደም አድርጎ ይጫነዋል። ጠርዙ ትንሽ ተጣጥፎ ከተመለሰ ደህና ነው። እንደታጠፈ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ደግሞ አልለዘበም። ስለቱን ከመወልወሉ በፊት ይህን በቪዲዮ እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

ዝገትን በተመለከተ መፍትሔው የብረት ምርጫ ሳይሆን ዘይት ነው። ከተጠቀሙ በኋላ ማድረቅና በስሱ መቀባት ይበቃል። አፎቱ ቆዳ ከሆነ ስለቱን ለወራት ውስጡ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

«በአንድ ጎን ብቻ የተሞረደ ከሆነ ሥራው አላለቀም»

ታሊቦንግና ጊኑንቲንግ የመሳሰሉት የቪሳያስ ስለቶች በአንዱ ጎን ጠፍጣፋ፣ በሌላው የተሞረዱ ሆነው ይሠራሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ለቀኝ እጅ የተሠራው፣ ጠርዙ ወደ ታች ሆኖ ሲያዝ፣ የተሞረደው ጎን በቀኝ ይውላል። ሲቆርጥም ወደ ጠፍጣፋው ጎን ይስባል፤ የለመደው እጅ ይህን ይጠቀምበታል። ግራኝ የሆነ ሰው ትዕዛዙ ላይ «ለግራ እጅ» ብሎ ካልጻፈ በተቃራኒው የሚስብ ስለት ይደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላም አይታረምም።

ሲስሉትም የተሞረደውን ጎን ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ጎን ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው አንድ ሁለቴ በመሳል ብዛት ጠርዙ ላይ የተጣጠፈውን ቀጭን የብረት ትርፍ ያነሱለታል፤ ቀና ካደረጉት አሠራሩን ያበላሹታል።

«የብረቱ ጭራ በእጀታው ሙሉ ስፋት ካልተዘረጋ ይሰበራል»

በጥንቱ አሠራር እጀታ ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ቀጭን ነው። እንጨቱ ይበሳል፣ የጋለ የዛፍ ሙጫ ይፈስበታል፣ ጭራው ይገባል፤ የእንጨቱ አፍ እንዳይሰነጠቅ በነሐስ ቀለበት ይታሰራል። ብዙ ሰይፍ በዚህ መንገድ ተሠርቶ ለትውልዶች አገልግሏል። ጭራ የሚሰበረው በመቅጠኑ ሳይሆን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለቱና ጭራው የሚገናኙበት ማዕዘን በቀጥታ ተቆርጦ ሲቀር ኃይሉ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ ማዕዘኑ ቢያንስ በ3 ሚሊ ሜትር ራዲየስ መክበብ አለበት። ሁለተኛው፣ ጭራው ከስለቱ ጋር እኩል ጠንክሮ ሳይለዝብ ሲቀር ነው።

እጀታው ከመግጠሙ በፊት የጭራውን ፎቶ ይጠይቁ፤ ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ እንዲሆን ቢስማሙ ጥሩ ነው። ጭራው የእጀታውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሊገባ ይገባል። ከዛፍ ሙጫ ይልቅ ኢፖክሲ፣ ከዚያም በእንጨቱና በጭራው ውስጥ የሚያልፍ አንድ 5 ሚሊ ሜትር የነሐስ ፒን መልኩን ሳይቀይር ያጠነክረዋል።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ እርጥበት ባለበት በፊሊፒንስ አየር የተጠረበ እንጨት ደረቅ አገር ሲደርስ ይኮማተራል። አዲስ አበባ በበጋ ወይም ማሞቂያ ባለበት የአውሮፓ ቤት ውስጥ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለበቱ ሊላላና እጀታው ሊንኳኳ ይችላል። በዛፍ ሙጫ የተያዘ ከሆነ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እጀታው አፍ አጠገብ ያለውን ብረት በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ሙጫው ሲለሰልስ መግፋትና እስኪቀዘቅዝ መያዝ ነው። በሚንኳኳ እጀታ ግን አንድም ጊዜ አይቁረጡ።

«የእጀታው ቅርጽ ጌጥ ነው»

የታሊቦንግ የአውሬ ራስና የባሮንግ የወፍ ምንቃር ያምራሉ፤ ከውበታቸው በላይ ግን እጅ ሲያልበው ስለቱ እንዳያመልጥ ትንሿ ጣት የምትያዝባቸው መንጠቆዎች ናቸው። የሚሠሩትም በልክ ሲሆኑ ብቻ ነው። አራቱ ጣቶችዎ ሲጨበጡ የሚይዙትን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክተው ከ10 እስከ 15 ይጨምሩና ይላኩ። ከረዘመ መንጠቆው ጣትዎን አይዝም፤ ካጠረ መዳፍዎን ይወጋል። የእንጨቱ ዓይነት ላይ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጥቁሩ ካማጎንግ በፊሊፒንስ ሕግ የተጠበቀ ዛፍ ነው፣ ያለ ፈቃድ የወጣ ከሆነ ዕቃው በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል። የጎሽ ቀንድ ወይም ማይካርታ (ጨርቅ ወይም ወረቀት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጠንካራ ቁስ) ከዚህ ጣጣ ነፃ ያወጣል። የዝሆን ጥርስ ፈጽሞ አይዘዝም።

አፎቱን በተመለከተም፣ የባህላዊው አፎት ሁለት ቀጭን እንጨቶች በገመድ ወይም በራታን (እንደ ገመድ የሚያገለግል ተክል) ታስረው የሚሠራ ነው። ስለቱ ሲመዘዝ ማሰሪያውን ሊቆርጠው ስለሚችል አፎቱን ከጀርባው በኩል ይያዙ፤ ጣቶችዎን በጠርዙ በኩል አይጠቅልሉ።

«ዘመናዊ ከሆነ ባህሉን ያፈርሳል»

የአሜሪካ ጦር ከፊሊፒንሱ ቦሎ የተወሰደውን ሞዴል 1909 በፋብሪካ ያስመረተው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው የፊሊፒናውያን እግረኛ ሬጅመንትም ቦሎ ታጥቆ ሠልጥኗል። ብረቱና ሙጫው ተቀያይሯል፤ መጠበቅ ያለበት ልኩ፣ ሚዛኑና አሞራረዱ ነው።

«ባህላዊ ዕቃ ስለሆነ ሕግ አይከለክለውም»

ፊሊፒንስ ራሷ ትከለክላለች፦ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ባታስ ፓምባንሳ ቁጥር 6 ለሥራ ወይም ለሕጋዊ ተግባር ካልሆነ በቀር ስለት ከቤት ውጭ ይዞ መሄድን ይቀጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጠማማ ሆኖ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰይፍ መሸጥንና ማስገባትን ከልክላለች፤ ርዝመቱ ከእጀታው እስከ ጫፉ በቀጥታ መስመር ይለካል። በባህላዊ መንገድ በእጅ የተሠራ መሆኑ እዚያ እንደ መከላከያ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከቀጥቃጩ የአሠራሩን ማስረጃ በጽሑፍና በፎቶ መያዝ ይጠቅማል። ባሊሶንግ በጀርመንም በእንግሊዝም ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እንኳ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል። ከከፈሉ በኋላ ሳይሆን ቅድሚያ ከመክፈልዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር ጉምሩክ ይጠይቁ። ሕጉ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያቆም ከሆነ፣ 46 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የሚታዘዝ ጊኑንቲንግ ከአሠራሩ የሚያጣው ነገር የለም።