«ኮምፒውተር አልነካውም» እና ሌሎች የሆሊውድ ወሬዎች

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኖላን ‹ኦፐንሃይመር›ን ያለ ኮምፒውተር ሠራው»

ከፊሉ ልክ ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ስለ አቶሚክ ቦምቡ አባት በሠራው በዚህ ፊልም የቦምቡ ፍንዳታ እሳት እውነተኛ እሳት ነው። ቤንዚን፣ ማግኒዚየምና የአሉሚኒየም ዱቄት አቀጣጥለው፣ ካሜራውን አስጠግተው ትንሹን ነበልባል ግዙፍ አስመሰሉት። ከዚያ ግን የተቀረጸውን እሳት በኮምፒውተር እየደራረቡ አንድ ትዕይንት ያደረጉ ባለሙያዎች አሉ፤ የብዙዎቹ ስም ፊልሙ መጨረሻ ላይ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የለም። ኖላንን እወደዋለሁ፤ «ሲጂአይ (በኮምፒውተር የተሠራ ምስል) የለበትም» የሚለው ወሬ ግን የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

«ቶም ክሩዝ ጄቱን ራሱ አበረረው»

በ2022ቱ «ቶፕ ገን፦ ማቨሪክ» ተዋንያኑ የምር ሰማይ ላይ ወጥተዋል፤ ፊታቸው ሲጨማደድ የምናየው ትወና አይደለም። የተቀመጡት ግን ከኋላ ነው፤ ጄቱን ያበረሩት የባሕር ኃይል አብራሪዎች ናቸው። ክሩዝ ራሱ ያበረረው መጨረሻ ላይ የምትታየውን አሮጌ የጦር አውሮፕላን ፒ-51 ነው፤ የግሉ ናት።

መጀመሪያ ላይ ጥቁሩ ዳርክስታር (ለፊልሙ የተፈጠረ የሙከራ ጄት) ከአዛዡ አናት በላይ ሲያልፍ የጥበቃ ቤቷ ጣሪያ ብድግ ይላል፤ አስታወሳችሁት? በቀረጻው ዕለት ያለፈው እውነተኛው ተዋጊ ጄት ኤፍ-18 ነበር፤ ጣሪያውን ያነሳውም የእሱ ነፋስ ነው። በኋላ ኤፍ-18ቱን አጥፍተው በቦታው ዳርክስታርን አስገቡበት። እንዲህ በኮምፒውተር የተነካካው ሾት (አንድ ያልተቆራረጠ ቀረጻ) ከ2,000 በላይ ነው። ፊልሙ ለኦስካር በቪዥዋል ኢፌክት (በምስል ማቀናበሪያ ጥበብ) ታጭቶም ነበር። ኮምፒውተር ያልነካው ፊልም በምን ሂሳብ ነው በዚህ ዘርፍ የሚታጨው?

«ከበጀቱ በላይ ካስገባ አተረፈ»

የ2023ቱ «ኢንዲያና ጆንስ» 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ 380 ሚሊዮን ያህል አስገባ። ከሰረ። ከትኬቱ ግማሽ ያህሉ ሲኒማ ቤቱ ጋ ይቀራል፤ የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ በጀቱ ውስጥ አይቆጠርም።

«ረጅም ፊልም ማን ያያል?»

«ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ነው፤ ሰው ተሰልፎ አየው። የስኮርሴዚ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው፤ እኔን ግን የከበደኝ ርዝመቱ አይደለም። ሊሊ ግላድስቶንን የምታህል ተዋናይት አልጋ ላይ አስተኝቶ ካሜራውን ዲካፕሪዮ ላይ መትከሉ ነው።

«ግሬታ ገርዊግን አካዳሚው ናቃት»

የ«ባርቢ» ዳይሬክተር ገርዊግ ለምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር አልታጨችም። በዳይሬክተር ዘርፍ እጩ የሚመርጡት ግን ኦስካርን የሚሰጠው የአካዳሚው አባል የሆኑ ዳይሬክተሮች ብቻ ናቸው። የምርጥ ፊልም እጩዎችን የሚመርጡት ግን ሁሉም አባላት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ «ባርቢ»ን አጭተውታል። ቅሬታ ያለው ለሙያ ባልደረቦቿ ያቅርብ። የኔም አለበት፤ መታጨት ነበረባት።

«ፊልሙ የዳይሬክተሩ ነው»

ይህን ለዳይሬክተሮቹ ለአዲል ኤል አርቢና ለቢላል ፋላህ ንገሯቸው። «ባትገርል»ን ቀርጸው ጨርሰው አርትዖት ላይ ነበሩ፤ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በ2022 ዋርነር ብራዘርስ ፊልሙ እንደማይወጣ ወሰነ። ወሬው ሲሰማ አዲል ለሠርጉ ሞሮኮ ነበር። ሁለቱ በኋላ እንደተናገሩት አንደኛው ደውሎ «በስልክህ ቅረጸው!» አለው፤ ያኛው ሮጦ ፊልሙ የተቀመጠበትን ሰርቨር ሲከፍት ሁሉም ነገር ጠፍቷል።