ያንቀላፋ ትውውቅ ምንድን ነው?

አብረው ሠርተው ወይም በሥራ ተዋውቀው፣ ሳይጣሉና ሳይቀያየሙ እንዲሁ የተጠፋፉ ሰዎች ግንኙነት ያንቀላፋ ትውውቅ ይባላል። መተማመኑ አለ፤ የተቋረጠው ወሬው ብቻ ነው። ተቀያይመው የተለያዩ ሰዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የእነሱን ግንኙነት መልእክት ልኮ መቀስቀስ አይቻልም።

የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን በሳምንት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ ያገኙ የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 28 በመቶ ያህሉ የሚያገኙት በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር። የቅርብ ወዳጅ የሚሰማውን እኛም ስለምንሰማ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀው ሰው ነው። ዳንኤል ሌቪንና ባልደረቦቹ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ደግሞ የሥራ ኃላፊዎች ቢያንስ ለ3 ዓመት ያላገኟቸውን ሰዎች ምክር እንዲጠይቁ ተደርጎ፣ የተገኘው ምክር አሁን ከሚያገኟቸው ሰዎች ምክር ይልቅ አዲስ ነገር ይዞ ተገኝቷል።

እንግዲህ ትውውቅን የሚገድለው ዝምታው ራሱ አይደለም። የሚገድለው ዝምታው ሁልጊዜ በልመና ሲሰበር ነው። «ሰላም ነው? ጠፋህ!» ከተባለ በኋላ በሁለተኛው መልእክት ሲቪ ከተከተለ፣ ሰውየው የመጀመሪያውን ሰላምታም መልሶ ይጠረጥራል።

የሚሠራው መልእክት ከ4 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የክምችት ቆጠራውን ሥርዓት በቀየርንበት ጊዜ አብሬዎት ሠርቻለሁ። ያኔ ያሳዩኝን የሰንጠረዥ አሠራር ዛሬ ለአዲስ ሠራተኛ ሳስረዳ አስታወስኩዎት። አሁንም እየጠቀመኝ ስለሆነ ላመሰግንዎት ብዬ ነው። መልስ ባይመችዎትም ግድ የለም።»

የት እንደተዋወቁ ይናገራል፣ ለምን ዛሬ እንደተጻፈ ምክንያት ይሰጣል፣ ምንም አይጠይቅም። ረጅም ይቅርታ አይጨምሩ፤ «ይህን ያህል ዓመት በመጥፋቴ አፍራለሁ» የሚል ሐተታ ተቀባዩን «ኧረ ምንም አይደል» እያለ የማጽናናት ሥራ ውስጥ ይከተዋል። በአንድ ጊዜ ለ50 ሰው የሚላክ የበዓል ምስል ደግሞ ለማንም የተላከ አይመስልም። ሊንክድኢን (የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ) በራሱ የሚያዘጋጀው አጭር «እንኳን ደስ አለህ»ም ያው ነው።

ትውውቆችዎን የሚይዙበት መዝገብ ቀላል ነው። አንድ ሰንጠረዥ ይክፈቱ፦ ስም፣ የተዋወቁበት ሥራ፣ መጨረሻ የተገናኙበት ቀን፣ ያኔ ሰውየው ምን ላይ እንደነበረ። በጣም የሚጠቅመው አራተኛው ዓምድ ነው፤ «ያ ፈተና እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ተጽፎ ከተቀመጠ ብቻ ነው። በየ3 ወሩ የሚጠየቁ ከ10 እስከ 15 ሰዎች፣ በዓመት አንዴ የሚጠየቁ ከ30 እስከ 40 ቢሆኑ በሳምንት ከ1 እስከ 2 መልእክት ነው። ከዚያ በላይ ዝርዝር በሁለት ወር ይተዋል። የሥራ ኢሜይል ብቻ አይመዝግቡ፤ ሰውየው መሥሪያ ቤት ሲቀይር አድራሻው አብሮ ይሞታል። ራስዎ ሥራ ሲለቁም የግል ስልኮችን መጨረሻው ቀን ሳይደርስ ይውሰዱ፤ ኮምፒውተሩ ከተመለሰ በኋላ ይረፍዳል።

እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥያቄው ጠባብ ይሁን እንጂ። «ሥራ ካለ አስታውሰኝ» የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ይህን ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ስለሠራህ 15 ደቂቃ ብትሰጠኝ» ሲባል ግን እሺ ወይም አልችልም ማለት ይቀለዋል። ሥራው ተገኘም ቀረም ውጤቱን ይንገሩት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ጠቋሚው ነገሩ የት እንደደረሰ ከሌላ ሰው ሲሰማ ቅር ይለዋል።

መልስ ካልመጣ ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሌላ ምክንያት፣ ይጻፉ። አሁንም ዝም ከተባለ ስሙን ሳይሰርዙ ለሚቀጥለው ዓመት ያሳልፉት፤ የሥራ ውጥረት ወይም የተቀየረ ስልክ ሊሆን ይችላል።